በነጻ የሚቀርቡ የሞባይል ጨዋታዎችና በግልጽ የማይታየው ዋጋቸው

የእጅ ስልክ ድምፅ ከማስተላለፍ አልፎ የባንክ፣ የጋዜጣ፣ የትምህርትና የመዝናኛ አገልግሎቶችን በአንድ ላይ አጣምሮ የያዘ መሣሪያ ከሆነ ውሎ አድሯል። በመዝናኛው ዘርፍ ሰፊ ሥፍራ ከያዙት መካከል "ሮል ፕሌይንግ ጌም" በሚል የእንግሊዝኛ ስያሜ የሚታወቁት ጨዋታዎች ይገኙበታል። በእነዚህ ጨዋታዎች ተጫዋቹ የአንድን ገጸ ባህርይ ሚና ተላብሶ፣ እንደ ልብ ወለድ መጽሐፍ ምዕራፍ በምዕራፍ የሚዘልቅ ታሪክ እየተከተለ፣ በየደረጃው የሚያጋጥሙትን ፈተናዎች ይወጣል። ለስልክ ከተዘጋጁት መካከል ብዙዎቹ በነጻ የሚቀርቡ ናቸው። ለመጫንም ሆነ ለመጀመር የሚጠየቅ ክፍያ የለም።

ይሁንና "ነጻ" የሚለው ቃል እውነተኛ ይዘት በተለያዩ አገሮች የመንግሥት አካላትን ማነጋገር ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 17 ቀን 2025) ይፋ ባደረገው ስምምነት፣ "ጌንሺን ኢምፓክት" የተሰኘውን ታዋቂ ጨዋታ በአሜሪካ የሚያቀርበው ኩባንያ 20 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ኮሚሽኑ በክሱ እንዳመለከተው፣ ኩባንያው ሕፃናትን፣ ወጣቶችንና ሌሎች ተጫዋቾችን የሚፈልጉትን ሽልማት የማግኘት ዕድላቸው ምን ያህል እንደሆነና በእርግጥ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያስወጣቸው አሳስቷል።

በነጻ የሚጀመር ጨዋታ እንዴት ለ20 ሚሊዮን ዶላር ክፍያ ምክንያት ሊሆን ቻለ? መልሱን ለማግኘት ጨዋታው እንዴት እንደሚሠራ መመልከት ያስፈልጋል።

"ጌንሺን ኢምፓክት" ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2020 ነው። ያዘጋጀው "ሚሆዮ" የተባለው ኩባንያ ሲሆን፣ ኩባንያው የሻንጋይ ጂያኦ ቶንግ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በነበሩ ሦስት ወጣቶች የተመሠረተ ነው። ጨዋታው በወጣበት በዚያው ዓመት በአፕልም ሆነ በጉግል የመተግበሪያ መደብሮች የዓመቱ ምርጥ የስልክ ጨዋታ ተብሎ ተመርጧል።

ታሪኩ የሚጀምረው ከዓለም ወደ ዓለም በሚጓዙ መንትያ ወንድምና እህት ነው። አንዲት ማንነቷ የማይታወቅ አምላክ ሁለቱን ትለያያቸዋለች። ተጫዋቹ ከሁለቱ አንዱን መርጦ የጠፋውን ወገኑን ፍለጋ "ቴይቫት" በተባለች ምናባዊ ምድር ይጓዛል። በዚህች ምድር ሰባት አገሮች ሲኖሩ፣ አንዳቸው የጀርመንን ጥንታዊ ከተሞች፣ ሌላዋ የቻይናን ተራሮችና ወደቦች፣ ሦስተኛዋ ደግሞ የጃፓንን ደሴቶች እንዲያስታውሱ ሆነው ተቀርጸዋል። የሙዚቃው ሥራ የሻንጋይ ሲምፎኒና የለንደን ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራዎች የተሳተፉበት ነው። ንግግሩ በቻይንኛ፣ በጃፓንኛ፣ በኮሪያኛና በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ጽሑፉ ከአሥር በላይ በሆኑ ቋንቋዎች ይቀርባል። አማርኛ ከእነዚህ መካከል አይገኝም።

ጨዋታው በየስድስት ሳምንቱ ገደማ አዲስ ይዘት ይታከልበታል። አዲስ የታሪክ ምዕራፍ፣ አዲስ አካባቢ፣ አዲስ ገጸ ባህርያት ይጨመራሉ። በመሆኑም ተጫዋቹ መጽሐፍ አንብቦ እንደሚጨርስ ሰው ሥራውን ፈጽሞ የሚያስቀምጥበት ቀን የለም። ታሪኩ እንደ ሬዲዮ ተከታታይ ድራማ ሁልጊዜ "ይቀጥላል" በሚል ያበቃል። የመንትዮቹ ነገር ከብዙ ዓመታት በኋላም ተጫዋቹን ወደፊት የሚስብ ጥያቄ ሆኖ ቆይቷል።

እዚህ ላይ ሊዘነጋ የማይገባው ዋናውን ታሪክ ያለ አንዳች ክፍያ መከታተል የሚቻል መሆኑ ነው። ጨዋታው ገና ከመጀመሪያው ጥቂት ገጸ ባህርያትን በነጻ ይሰጣል። ትዕግሥት ያለው ተጫዋች በእነርሱና በሂደት በሚያገኛቸው ታሪኩን ሊዘልቀው ይችላል። ከዚህ አንጻር "ነጻ" የሚለው ማስታወቂያ ሐሰት አይደለም። ክፍያው የሚመጣው በሌላ በር ነው።

ጨዋታው በየቀኑ አራት ትንንሽ ተልዕኮዎችን ያቀርባል። እነዚህን ለፈጸመ ተጫዋች "ፕሪሞጄም" የተባለ የጨዋታው ምናባዊ ገንዘብ 60 ይሰጠዋል። ከዚህ በተጨማሪ ገጸ ባህርያቱን ለማጠናከር የሚያስፈልጉ ግብዓቶችን ለመሰብሰብ የሚያገለግል የኃይል መለኪያ አለ። መለኪያው በየ8 ደቂቃው በአንድ ነጥብ ከፍ እያለ እስከ 200 ይደርሳል፤ ሲሞላም መጨመሩን ያቆማል። ባዶ የነበረው መለኪያ የሚሞላው በ26 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ውስጥ ነው። ስለዚህ በቀን አንድ ጊዜ ያልገባ ተጫዋች ሊያገኝ ይችል የነበረውን እንዳጣ ይሰማዋል። ጨዋታው በዚህ መንገድ የዕለት ተዕለት ልማድ እየሆነ ይሄዳል።

ገንዘብ የሚወጣበት ዋናው ክፍል ግን ገጸ ባህርያት የሚገኙበት የዕጣ ሥርዓት ነው። ተጫዋቹ የሚወደውን ገጸ ባህርይ ዋጋ ከፍሎ በቀጥታ አይገዛም። የሚገዛው ዕጣ የማውጣት ዕድል ነው። አንድ ዕጣ 160 ፕሪሞጄም ያስወጣል። እጅግ ተፈላጊ የሆኑት ባለ አምስት ኮከብ ገጸ ባህርያት በአንድ ዕጣ የመውጣታቸው መነሻ ዕድል 0.6 በመቶ ነው። ይህም ከ1 ሺህ ዕጣ 6 ማለት ነው። ለ89 ጊዜ ሳይወጣ ቢቀር በ90ኛው ዕጣ ባለ አምስት ኮከብ ገጸ ባህርይ እንደሚወጣ ዋስትና ይሰጣል። ይሁን እንጂ የወጣው ተጫዋቹ የፈለገው ላይሆን ይችላል። ያልተፈለገው ከወጣ የሚቀጥለው ባለ አምስት ኮከብ የተፈለገው እንደሚሆን የተረጋገጠ ሲሆን፣ በመጥፎ ዕድል እዚያ ለመድረስ እስከ 180 ዕጣ ሊያስፈልግ ይችላል።

ይህን በሒሳብ ማየት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። በዕለታዊ ተልዕኮዎች ብቻ በቀን 60 ፕሪሞጄም የሚሰበስብ ተጫዋች ለ90 ዕጣ የሚያስፈልገውን 14 ሺህ 400 ለማጠራቀም 240 ቀናት ይፈጅበታል። ለ180 ዕጣ ደግሞ 480 ቀናት ያስፈልጉታል። እርግጥ ታሪኩን በመከተልና በልዩ ዝግጅቶች በመሳተፍ ተጨማሪ ስለሚገኝ ጊዜው ያጥራል። ሆኖም የሚፈለገው ገጸ ባህርይ ለዕጣ የሚቀርበው ለሦስት ሳምንታት ያህል ብቻ ነው። ትዕግሥት የሚጠይቀው ጊዜና ዕድሉ ክፍት ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ አይመጣጠኑም። ይህን ልዩነት የሚሞላው ገንዘብ ነው።

ለሽያጭ ከሚቀርቡት ጥቅሎች ትልቁ በአሜሪካ 99 ዶላር ከ99 ሳንቲም የሚያወጣ ሲሆን፣ ለመጀመሪያ ግዢ የሚሰጠውን ልዩ ጭማሪ ሳይጨምር 8 ሺህ 80 "ጄነሲስ ክሪስታል" ያስገኛል። ይህ ወደ ፕሪሞጄም ሲመነዘር 50 ዕጣ ለማውጣት ይበቃል። በተገለጸው የ0.6 በመቶ ዕድል ከዜሮ የጀመሩ አራት ሰዎች እያንዳንዳቸው ይህን ጥቅል ቢገዙ፣ በአማካይ ሦስቱ አንድም ባለ አምስት ኮከብ ሳያገኙ 50ውን ዕጣ ይጨርሳሉ። እስከ 180 ዕጣ የሚያደርስ መጥፎ ዕድል የገጠመው ሰው ደግሞ አራት ጥቅሎችን፣ ማለትም ወደ 400 ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ሊያወጣ ይችላል። ያገኘው ገጸ ባህርይ የሚኖረው በጨዋታው ውስጥ ነው። ጨዋታው በይፋ መልሶ የሚሸጥበትም ሆነ ወደ ገንዘብ የሚለውጥበት መንገድ አላዘጋጀም።

ሌላው ትኩረት የሚሻ ጉዳይ የምንዛሪው ሰንሰለት ነው። ተጫዋቹ በመጀመሪያ ዶላሩን በጄነሲስ ክሪስታል ይለውጣል። ቀጥሎ ክሪስታሉን ወደ ፕሪሞጄም፣ ፕሪሞጄሙን ደግሞ ዕጣ ወደሚያወጣበት ቲኬት ይመነዝራል። በእያንዳንዱ እርምጃ ቁጥሩ ይቀያየራል። በሦስተኛው እርምጃ ላይ የደረሰ ሰው፣ በተለይ ደግሞ ሕፃን፣ አሁን የነካው ምልክት በገንዘብ ስንት እንደሆነ ማስላት ይቸግረዋል። አንድ የሎተሪ ትኬት ዋጋው በላዩ ላይ ታትሞ ይሸጣል፤ ገዢውም ስንት እንዳወጣ ያውቃል። የአሜሪካው ኮሚሽን ቅሬታም በዋናነት ይህንኑ የዋጋ ግልጽነት የሚመለከት ነበር።

በስምምነቱ መሠረት ኩባንያው ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት በታች ለሆኑ ተጫዋቾች ያለ ወላጅ ፈቃድ እነዚህን ዕጣዎች እንዳይሸጥ ተከልክሏል። የዕጣዎቹን የመውጣት ዕድልና የምናባዊ ገንዘቦቹን የምንዛሪ ተመን በግልጽ የማሳወቅ ግዴታም ተጥሎበታል። ዕጣዎቹን በምናባዊ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን በቀጥታ በእውነተኛ ገንዘብ መግዛት የሚቻልበትን አማራጭ እንዲያቀርብ፣ እንዲሁም ከ13 ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት ያለ ወላጅ ፈቃድ የተሰበሰበ የግል መረጃን እንዲያጠፋ ተደንግጓል። ኩባንያው በበኩሉ ከቀረቡበት ነጥቦች ብዙዎቹ ትክክል አይደሉም የሚል አቋሙን ገልጾ ስምምነቱን ተቀብሏል።

የዚህ የሽያጭ ዘዴ መነሻ ጃፓን ናት። በዚያች አገር በሱቆች በር ላይ የሚቆሙ፣ ሳንቲም ተጨምሮ እጀታቸው ሲዞር በክብ ማኅደር የታሸገ አሻንጉሊት የሚጥሉ ማሽኖች ለረጅም ጊዜ የተለመዱ ናቸው። ገዢው ምን እንደሚደርሰው የሚያውቀው ማኅደሩን ከከፈተ በኋላ ነው። ዘዴው "ጋቻ" የሚለውን ስሙን ያገኘው እጀታው ሲዞር ከሚሰማው ድምፅ ሲሆን፣ ወደ ስልክ ጨዋታዎች የተሸጋገረውም ስሙን እንደያዘ ነው።

የመጀመሪያውን ገደብ ካበጁት መካከልም ጃፓን ትጠቀሳለች። የአገሪቱ የሸማቾች ጉዳይ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በሜይ 2012 "ኮምፑ ጋቻ" የተባለው ዓይነት ሕግን እንደሚጥስ አስታወቀ። በዚህ ዘዴ ተጫዋቹ ልዩ ሽልማቱን የሚያገኘው በዕጣ የሚወጡ ዕቃዎችን በሙሉ አሟልቶ ሲሰበስብ ነው። የችግሩን ምንጭ በቀላል ስሌት መረዳት ይቻላል። እኩል የመውጣት ዕድል ያላቸው 10 ዕቃዎች ቢኖሩ፣ የመጀመሪያው በአንድ ዕጣ ይገኛል። የመጨረሻውን ብቻ ለማግኘት ግን በአማካይ 10 ዕጣ ያስፈልጋል፤ ሁሉንም ለማሟላት ደግሞ በአማካይ 29 ገደማ። ዘጠኙን የሰበሰበ ሰው ግቡ አጠገብ የደረሰ ይመስለዋል፤ እውነታው ግን ከወጪው አንድ ሦስተኛ ያህሉ ገና ከፊቱ መሆኑ ነው።

ከጃፓን በኋላ አገሮች የተለያዩ መንገዶችን ተከትለዋል። ቻይና ከሜይ 2017 ጀምሮ ኩባንያዎች የዕጣዎቻቸውን ዕድል ለሕዝብ እንዲያሳውቁ አስገድዳለች። ከሴፕቴምበር 2021 አንስቶም ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በኢንተርኔት ጨዋታዎች የሚያሳልፉት ጊዜ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሁድና በበዓላት ቀን ከምሽቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ባለው አንድ ሰዓት እንዲወሰን አድርጋለች። ደቡብ ኮሪያ በበኩሏ የዕድል መጠንን ማሳወቅ የሕግ ግዴታ ያደረገችው ከማርች 2024 ጀምሮ ነው።

በቤልጂየም የተወሰደው እርምጃ ጠንከር ያለ ነው። የአገሪቱ የቁማር ጨዋታዎች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 በአንዳንድ ጨዋታዎች ውስጥ በገንዘብ የሚሸጡ የዕጣ ሳጥኖች የቁማር ሕጉን እንደሚጥሱ ወስኗል። ይህን ተከትሎ የጃፓኑ ኔንቴንዶ "ፋየር ኤምብለም ሂሮስ" የተባለውን በነጻ የሚቀርብ የሮል ፕሌይንግ ጨዋታውን እ.ኤ.አ. በኦገስት 2019 ከቤልጂየም አስወጥቷል። በኔዘርላንድስ ግን ነገሩ በተቃራኒው ተጠናቋል። የአገሪቱ የቁማር ተቆጣጣሪ በአንድ የእግር ኳስ ጨዋታ አዘጋጅ ላይ ጥሎት የነበረውን የ10 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት በማርች 2022 ሽሮታል። ፍርድ ቤቱ የዕጣ ጥቅሎቹ የዋናው ጨዋታ አካል እንጂ ራሳቸውን የቻሉ የዕድል ጨዋታዎች አይደሉም የሚል ምክንያት ሰጥቷል። አውስትራሊያ ደግሞ የዕድሜ ደረጃን መርጣለች። ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ በገንዘብ የሚገዛ ዕጣ ያላቸው አዳዲስ ጨዋታዎች ቢያንስ ከ15 ዓመት በታች ለሆኑ የማይመከሩ መሆናቸው ይገለጻል።

የጨዋታ ኩባንያዎች በበኩላቸው የሚያነሱት መከራከሪያ አለ። ክፍያው በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ መሆኑን፣ ሽልማቱም ወደ ገንዘብ የማይለወጥ በመሆኑ ከቁማር እንደሚለይ ይገልጻሉ። ጥቂቶች የሚከፍሉት ገንዘብም አቅም የሌላቸው ብዙዎች ያለ ክፍያ እንዲጫወቱ እንደሚያስችል ያስረዳሉ። መከራከሪያው በከፊል እውነትነት አለው። በርካታ ዓመታትን የፈጀ የጥበብ ሥራን አንድ ተማሪ ገንዘብ ሳይከፍል እንዲመለከት ማስቻሉ ሊካድ አይገባም። ዳሩ ግን ፈቃደኝነት ትርጉም የሚኖረው ከፋዩ ምን እንደሚገዛና በስንት እንደሚገዛ ሲያውቅ ነው። የአገሮቹ እርምጃ የተለያየ ቢመስልም፣ ዕድሉና ዋጋው ለተጫዋቹ ግልጽ ይሁኑ የሚለው ጥያቄ በአብዛኞቹ ውስጥ ይገኛል።

ጥያቄው ለኢትዮጵያውያንም ሩቅ አይደለም። በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ልጆች የሚጫወቱበት ታብሌት አብዛኛውን ጊዜ ከወላጅ የባንክ ካርድ ጋር የተያያዘ እንደመሆኑ፣ ከላይ የተጠቀሰው ስምምነት እነርሱንም በቀጥታ ይመለከታል። በአገር ውስጥም ቢሆን ጨዋታው ከ20 ጊጋባይት በላይ የሚይዝ በመሆኑ፣ ለዳታ የሚከፈለው ሒሳብ ዕጣ ከመውጣቱ በፊት የሚጀምር ወጪ ነው። ከዚህ ጎን ለጎን በስልክ የሚፈጸም ክፍያ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የብዙዎች የዕለት ተግባር ሆኗል። በስልክ መክፈል በቀለለ መጠን በስልክ የሚሸጠውን ነገር የመመርመሩ አስፈላጊነትም ያድጋል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴዎች የዕቃና የአገልግሎት ዋጋን በግልጽ እንዲያሳዩ መደንገጉም ይታወሳል። በሱቅ መደርደሪያ ላይ የተለመደው ይህ መርህ በስልክ መስኮት ላይ እንዴት ሥራ ላይ እንደሚውል ከወዲሁ ሊታሰብበት ይገባል።

እስከዚያው ድረስ ወላጆችና ተጫዋቾች ራሳቸው ሊወስዷቸው የሚችሉ ጥንቃቄዎች አሉ። የመጀመሪያው የባንክ ካርድን በልጆች ስልክ ላይ መዝግቦ አለመተው፣ ከተመዘገበም እያንዳንዱ ግዢ በሚስጥር ቁጥር እንዲፈጸም ማድረግ ነው። ስልኮቹ ራሳቸው ወላጅ ግዢንና የአጠቃቀም ሰዓትን የሚወስንበት ማስተካከያ አላቸው። ሁለተኛው በዕጣው ገጽ ላይ የተቀመጠውን ዝርዝር ከፍቶ ማንበብ ነው። የአፕል መደብር እ.ኤ.አ. ከ2017 ማብቂያ ጀምሮ አዘጋጆች የዕድሉን መጠን ከግዢ በፊት እንዲያሳውቁ ስለሚያስገድድ፣ ቁጥሩ ለፈለገው ሰው አለ። ሦስተኛው ምናባዊውን ገንዘብ ወደ ብር መልሶ ማስላት ነው። "160 ፕሪሞጄም" ሲባል የማያስደነግጥ ወጪ በብር ሲሰላ ሌላ መልክ ሊኖረው ይችላል።

ከሁሉም በላይ ከልጆች ጋር መነጋገር ጠቃሚ ነው። ልጁ በጨዋታው የሚከተለው ታሪክ ምን እንደሆነ፣ የትኛውን ገጸ ባህርይ እንደሚወድና ለምን እንደሚወደው የሚጠይቅ ወላጅ፣ ገንዘብ የሚጠየቅበትን ቦታም ቀድሞ ያውቃል። ጨዋታውን በጅምላ መከልከልም ሆነ ነጻ ነው ብሎ ጨርሶ መተው ይህን ዕውቀት አያስገኝም።

መንትዮቹን የሚያገናኘው ታሪክ ያለ ክፍያ የሚታይ ነው። የሚከፈልበት ዕጣው ነው። ይህን ልዩነት ለይቶ የሚያውቅ ተጫዋች በታሪኩ ሊደሰት፣ ገንዘቡንም ሊጠብቅ ይችላል። ልዩነቱን ገና መለየት ለማይችሉት ሕፃናት ደግሞ ጥበቃ ማድረግ የወላጆች፣ የኩባንያዎችና የሚመለከታቸው የመንግሥት አካላት የጋራ ኃላፊነት ይሆናል።